ባዶልዮና ግራዚያኒ ፍርድ ፊት ያልቀረቡበት ምክንያት

ዳኛ ነገር ከመስማቱ አስቀድሞ «ይህን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን አለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በአንድ አገር ውስጥ መልሱ በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። የአንድ መንግሥት ሹማምንት በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ግፍ የሠሩ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ይህን ለመረዳት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም፤ የገዛ ታሪካችን ይበቃናል።

ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረች በኋላ፣ የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት በ1917 ዓ.ም. በዤኔቭ የተፈረመውን ስምምነት አፍርሳ በወታደሩና በባላገሩ ላይ መርዝ አዘነበች። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ግድያና በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰውን መዓት አንባቢ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አንዘረዝረውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የጦር ወንጀለኞችን ስም የሚመዘግብና ማስረጃ የሚመረምር ኮሚሲዮን በሎንዶን ተቋቋመ። ኮሚሲዮኑ ራሱ አይፈርድም ነበር። ኢትዮጵያ ከአባሎቹ መካከል አልነበረችም። አቤቱታዋን ባቀረበች ጊዜም የእንግሊዝ መንግሥት የኮሚሲዮኑ ሥራ በ1931 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረውን ጦርነት ብቻ የሚመለከት ነው ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ በ1928 የሞተው ሰው ጦርነት ሳይኖር ሞተ ማለት ነው! በእኛ አስተያየት ይህ ክርክር የሕግ ልብስ የለበሰ ፖለቲካ ነበር።

በዚያው ወራት የጀርመን መሪዎች በኑረምበርግ ይዳኙ ነበር። ችሎቱ ኅዳር 11 ቀን 1938 ዓ.ም. ተከፍቶ መስከረም 21 ቀን 1939 ዓ.ም. ፍርዱን ፈጸመ፤ 12 ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው፣ 3 ሰዎችም በነጻ ተለቀቁ። «አለቃዬ አዞኝ ነው» ማለት ከጥፋት እንደማያነጻ የተረጋገጠው በዚህ ችሎት ነው። ይህን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሎንዶን ስምምነት ተከትለው ከተቀበሉት 19 መንግሥታት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሌላውን ለመዳኘት የተሠራውን ሕግ ተቀብላ የራሷን በዳዮች የሚዳኝላት አጣች።

ቢሆንም መንግሥታችን ዝም አላለም። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል 38ኛው አንቀጽ፣ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ያለባት ኃላፊነት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ጀምሮ እንዲቆጠር ተጻፈ፤ 45ኛው አንቀጽም ኢጣልያ በጦር ወንጀል የተከሰሱትን አሳልፋ እንድትሰጥ ያስገድዳል። የቀኑ ክርክር በዚህ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ባዶልዮና ግራዚያኒ የሚገኙበትን የ10 ሰዎች ዝርዝር ለኮሚሲዮኑ አቀረበች። ኮሚሲዮኑም ሥራውን ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ በየካቲት 1940 ዓ.ም.፣ በሁለቱ ላይ ለክስ የሚበቃ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ።

ሆኖም አንድም ሰው ለኢትዮጵያ ተላልፎ አልተሰጠም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በገዛ አገሩ የጦር ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈረድበትም፣ የተከሰሰው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ ደም አልነበረም፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። በ1947 ዓ.ም. ሞተ። ባዶልዮም በ1949 ዓ.ም. ችሎት ሳያይ ተከተለው።

ኢትዮጵያ ዘርን ማጥፋት የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ውል ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ስታጸድቅ ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀዳሚ ነበረች። በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ሥልጣኑን የጀመረውም፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በዚያችው ቀን፣ ሰኔ 24፣ በ1994 ዓ.ም. ነው። ይህ ፍርድ ቤት ዘር ማጥፋትን፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸምን ወንጀል፣ የጦር ወንጀልንና ወረራን ይመለከታል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የሚይዘው የአገሩ ፍርድ ቤት በእውነት ሊዳኝ ያልፈቀደ ወይም ያልቻለ እንደ ሆነ ነው፤ ከተቋቋመበት ቀን በፊት የተሠራውንም አይነካም። ኢትዮጵያ ውሉን አላጸደቀችም።

የኢጣልያ የመከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ባዶልዮ ከሞተ 39 ዓመት፣ ግራዚያኒ ከሞተ 41 ዓመት አልፎ ነበር።