የፓሪስ ስኩተርና ያልመጡት መራጮች

አዲስ መጓጓዣ ቀድሞ ጎዳና ይወጣል፤ ሕጉ ዘግይቶ ይከተላል። የፓሪስ የኤሌክትሪክ ስኩተር ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። የኪራይ ስኩተሮች እ.ኤ.አ. በ2018 ከተማይቱን አጥለቀለቁ። ፍጥነትን በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር የገደበውና በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትን የከለከለው ሀገራዊ ደንብ የወጣው ግን በ2019 ነበር። በ2021 አንዲት እግረኛ ተገጭታ ከሞተች በኋላ በብዙ ሥፍራዎች የኪራይ ስኩተሮች ፍጥነት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ።

በመጨረሻ ጉዳዩ ለሕዝብ ቀረበ። ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ ያህሉ ኪራዩ ይቅር አሉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሲገባ ስኩተሮቹ ከጎዳናው ተነሡ። ይሁንና የመረጠው ሕዝብ ከጠቅላላው መራጭ 8 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ የእግረኛው ስጋት እውነተኛ እንደ ነበር አልክድም፤ ውሳኔውንም ሕገ ወጥ አልለውም። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ኪራይ ብቻ ስለ ነበረ፣ ስኩተር የገዛ ሰው ዛሬም ይነዳል፤ የተከለከለው ተከራዩ ነው። የሁሉም የሆነን ጎዳና የሚመለከት ደንብ በሕዝብ ድምፅ የሚወሰን ከሆነ፣ ስንት ሰው ሲመርጥ ውሳኔው እንደሚጸና አስቀድሞ ሊደነገግ ይገባል። አለዚያ ዝም ያለው ብዙኃን ባልተናገረው ቃል ይታሰራል።