የላቦራቶሪ ትምህርት ከማኑዋል ወይስ ከጥያቄ ይጀምር?

እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት በአገራችን የከፍተኛ ሳይንስ ትምህርት መሠረት ተጣለ። ከዚያ ወዲህ በላቦራቶሪ የሰፈነው ልማድ ማኑዋል ተከትሎ መሥራትና ሪፖርት ማስረከብ ነው። መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ የጓደኛውን ቁጥር የገለበጠም ከሠራው እኩል ነጥብ ያገኛል። የላቦራቶሪ ኮርስ መነሻው ጥያቄ፣ መመዘኛውም ተማሪው ጥያቄውን የፈተነበት መንገድ መሆን አለበት። ማስረጃው ከገዛ ታሪካችን ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱት በዝተው አገኙ። በማየት ብቻ አላበቁም፤ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በእንዶዱ አረፋ ፈተኑ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ቀጥሎ ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። እንዶድ ልብስ ሲያጠራ የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ለሳይንስ የበቃው ግን ጠያቂ ሲያገኝ ነው።

«ዕቃ የለም፣ ተማሪውም በዝቷል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመሠረቱ፣ ከዚያም ከመቶ 70 ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ሲወሰን ጫናው ከብዷል። ሆኖም ጥሩ ጥያቄ ብዙ ዕቃ አይሻም፤ ከራቤል ወይም ከመሐል ሜዳ ለሚመጣ ተማሪ የመንዝ ጓሳ ሣር ምድር ቅርቡ ነው። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጓሳን ሲጠብቁ ሣሩ እስኪደርስ ይዘጉት፣ ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍቱት ነበር። ተማሪውም ይጠይቅ፦ ከብት የገባበትና ያልገባበት ሣር በቁመትና በብዛት ምን ያህል ይለያያል? አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በገመድ ከልሎ ለመለካት ገመድ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃል።

«ጀማሪ መሠረታዊ ሙያ ሳይዝ ምን ይጠይቃል?» ለሚለውም መልስ አለ። ሚዛን አጠቃቀምና ታይትሬሽን በማኑዋል ይለመዱ፤ ኮርሱ ግን እዚያው አይቁም። ማርኩ ሦስት ቦታ ይከፈል፦ ለጥያቄው፣ ስርዝ ድልዙ ሳይነካ ለሚቀርበው የልኬት ደብተር፣ ተማሪው ከሥራው ፊት ቆሞ በቃል ለሚሰጠው ማብራሪያ። የሌላውን ቁጥር የገለበጠ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ይታወቃል። መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከማኑዋሉ አንዱን ሙከራ አንሡና በቦታው መልሱ ያልታወቀ የአካባቢያችሁን ጥያቄ አስገቡ።