የቤተ ልሔም ደብተራ ሁለት ብራናዎች

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ ወሬው የጋይንት ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን ጎዳና የሄደበት ሰው ጋይንትን ያውቃል። ቅድስት ቤተ ልሔም ከዚያ ጎዳና ወጣ ብላ የምትገኝ ደብር ናት። የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓን ተማርኩ የሚል ሰው ፊደል የቆጠረው ትግራይም ይሁን ሸዋ፣ «የት አስመሰከርክ?» ሲባል «ቤተ ልሔም» ማለት ካልቻለ በሊቃውንቱ ፊት አንገቱን ይደፋል። ቆማና አጫብርም የየራሳቸው ዜማ አላቸው፤ ክብራቸው እንደተጠበቀ ነው። ዝማሬ መዋሥዕትም የሚመሰከረው ከዚያው ቀዬ ሳይርቅ፣ ዙር አባ ነው። የድጓው ወንበር ግን የቤተ ልሔም ነው።

የዜማው አመጣጥ ራሱ ምሥጢር መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ሦስት አዕዋፍ ከገነት መጥተው ያሬድን በሰው አንደበት አነጋገሩት፤ ነጥቀውም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ ከሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ዜማውን ሰምቶ አክሱም ተመለሰ። በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ሲፈስ ንጉሡም አላየ፣ ያሬድም አልተሰማው። አሁን አንድ የገጠር ዲያቆን ተነሥቶ «ወፎች ሰማይ አድርሰው መለሱኝ» ቢል የደብሩ አለቃ ምን እንደሚለው እናንተው ገምቱ። ያሬድን ግን ቤተ ክርስቲያን አምና ተቀብላው በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ታከብረዋለች።

የቆሎ ተማሪው እንግዲህ ይህን እያመነ ነው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቤተ ልሔም የሚደርሰው። ቀን ከውሻ ጋር እየተጋፋ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት በጨለማ ዜማ ይቀጽላል። ቀለም አልገባ ያለው አብሾ የሚባለውን ዕፅ በጥብጦ ይጠጣ ነበር፤ ልቡናው የተከፈተለት አለ ይባላል፤ ያበደ ግን በእርግጥ አለ። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ እያለ ምልክቶቹን ያጠናል። ጌራና ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ሠሯቸው የሚባሉት እነዚህ ምልክቶች ከንባቡ በላይ የሚቀመጡ ጥቃቅን ጭረቶችና ፊደላት ናቸው። አንዷ ጭረት ድምፅህን ታነሣዋለች፤ ሌላዋ ትጥለዋለች። ዓመታት ሙሉ ለጥቃቅን ጽሑፍ ሲታዘዝ የኖረ ሰው፣ አጋንንትም ለጽሑፍ ይታዘዛሉ ቢል ምን ይገርማል? ደብተራ ከክፉ መንፈስ ለመጠበቅ በብራና የሚጽፈው ክታብ ሥሩ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ከጣዖት የተረፈ ነገር ነው ይላሉ፤ እኔ ከድጓው ጉባኤ ቤት ሲወጣ ነው የማየው።

ክታብ የሚጻፍበት ሌላው ምክንያት እንጀራ ነው። ደብተራ ክህነት የለውም፤ አይቀድስም፣ አያቆርብም። የደብር መሬት ከደረሰው ደረሰው፣ ካልደረሰው ግን በእጁ የነበረው ብዕርና ብራና ብቻ ነበር። ሥልጣነ ክህነት ስለሌለው ውግዘትም የሚነጥቀው ነገር የለም። ሾተላይ ልጆቿን የጨረሰባት እናት ደጁ ስትመጣ እንዲህ ነበር የሚባባሉት።

«የኔታ፣ ይኼኛው እንኳ ይትረፍልኝ።»

«አይዞሽ ልጄ። የክርስትና ስምሽ ማነው? የእናትሽስ?»

የአባት ስም አይጠየቅም። አባት ሊያጠራጥር ይችላል፤ እናት አታጠራጥርም። የሁለቱን ስም ፊደላት በቁጥር ይደምርና አውደ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ ገልጦ በ12 ይገድፈዋል፤ የቀረው ኮከቧ ነው። ኮከቧ የፍየሉን ወይም የበጉን መልክ ይነግረዋል። እንስሳው ይታረዳል፤ ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ በጠባቡ እየተቆረጠ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ቁመቷን እስኪያህል ይቀጣጠላል። ክታቡ ቁመቷን ካላከለ፣ ያልተሸፈነው አካል ለጠላት ክፍት ነውና። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይሣልበታል፤ ከሥሩ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ያሉበት ጠልሰም የሚባል ሥዕል ይከተላል። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ አስማቱና የእሷ ስም በቀይ። ተጠቅልሎ በቆዳ ይለበጥና አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል።

በውስጡ ምን ተጽፏል? ብዙ ጊዜ የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው። ላውጋችሁ። ሱስንዮስ ሚስት አግብቶ ወንድ ልጅ ወለደ። ውርዝልያ የምትባል ሴት ገብታ ሕፃኑን ገደለችበት፤ በአንዳንዱ ክታብ ይህች ሴት የገዛ እኅቱ ናት። ፈረሱን ጭኖ፣ ጦሩን ጨብጦ ወጣ። መንገድ ላይ አንዲት ባልቴት አግኝቶ ቢጠይቃት፣ ከአትክልቱ ቦታ መግባቷን ነገረችው። ዘልቆ ቢያይ ውርዝልያ በአጋንንት ተከባ ተቀምጣለች። ከፈረሱ ወርዶ ጸለየ፤ ሥልጣን ተሰጠው፤ ጦሩን ጎኗ ላይ ሰካው። እሷም ስሙ ከሚጠራበት ቤት፣ ጸሎቱ ካለበት አንገት እንዳትደርስ ምላ ተገዘተች። በግሪኮችና በግብፅ ቅብጦችም ዘንድ ሕፃናት የምትገድለውን ሴት የሚያሳድድ ሲሲንዮስ የሚባል ቅዱስ አለ፤ የእናት ፍርሃት ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ነገር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ ዝም ብላ አላየችም። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጠንቋይና አስማተኛን በሞት ቀጣ፤ የገዛ ልጆቹ እንኳ ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት አመለኩ ተብለው መገረፋቸውን ዜና መዋዕሉ ይናገራል። በዚያው ዘመን «ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አንሰግድም» ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስም ተገረፉ፤ ያበዛውም ያሳነሰውም አንድ ጅራፍ ቀመሰ ማለት ነው። ከዚያ ንጉሡ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ሰይጣንን የካደበትን ቃል፣ በግራው ደስክን የካደበትን ቃል ጽፎ እንዲሄድ አዘዘ። ልብ በሉ! ክታብን ሊያጠፋ የተነሣ ንጉሥ የሕዝቡን ገላ ክታብ አደረገው።

አዲስ ነገር ሁሉ ግን አልተወገዘም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የአቋቋም ስልት ቢያወጡ የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሉ፤ እሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ደብረ ታቦር ተቀበለችው። ዛሬ ተክሌ አቋቋም የሚሸበሸብበትን በዓል ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ስልቱ በአደባባይ፣ በሊቃውንት ፊት ቆሞ ተመዘነ። ክታቡ ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ በገንዘብ ይሸጣል፤ የሚያርመው የለም። ለፈውስ የጻፈ እጅ ለመስተፋቅርና ለሰላቢም ይጽፋል። እዚህ ላይ ውግዘቱ እውነት አለው፤ ለደብተራው አልሟገትለትም።

ፈረንጆች ግን ለውግዘቱ ግድ አልነበራቸውም። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የሰነበተው የፈረንሳዊው አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ብራናውንም ክታቡንም ሰብስቦ ፓሪስ አስገባ። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ ቤተ ልሔም ደርሶ፣ ከክቡ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጥንቱ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ተሸፍኖ መቆሙን ለዓለም ጻፈ፤ ለአገሬው ዲያቆን መቼም አዲስ ነገር አልነበረም። ዣክ መርሲዬ የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ ከደብተራዎች ጋር ዓመታት ኖሮ አጠናና፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ጠልሰም በሙዚየም ታየ፤ የሁለት የቅርብ ጊዜ ደብተራዎች፣ የጌራና የጌዴዎን፣ ሥዕል ሳይቀር። እኛ በአፍረት የደበቅነውን እነሱ በመስታወት አኖሩት። እኔን የሚያናድደኝ መውሰዳቸው ብቻ አይደለም፤ ስንሰጥ ምን እየሰጠን እንደሆነ አለማወቃችንም ነው።

ምን ሰጠን? ድጓው የሊቃውንትን፣ ዜና መዋዕሉ የነገሥታትን ስም ይዟል። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ገበሬ ቤት ወልዳ፣ ቀብራ፣ ፈጭታ የሞተች ሴት ስም ግን በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል? በክታቡ ላይ ተጽፏል፤ በቀይ ቀለም፣ አንዳንዴም የቀድሞዋ ባለቤት ስም ተፍቆ የልጇ ወይም የልጅ ልጇ ስም ከላዩ ተተክቶ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከሣጥን ሥር የአያታችሁ ክታብ ቢወጣ፣ አታቃጥሉት፤ ለአገር ጎብኚም አትሽጡት። እመኑበት አላልኩም። ግዕዝ ለሚያነብ ሰው ውሰዱትና በቀይ ቀለም የተጻፈውን የክርስትና ስሟን አስነብቡ፤ ከዚያም ለልጆቻችሁ ንገሩ።