ፎካሪው ከፊት፣ ስለቱ ከኋላ

ጥይት ጉማሬን ይጥላል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በ1810 ተከዜ ዳር የቆመው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ግን ነገሩ እንደዚያ ቀላል ሆኖ አላገኘውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሶልት ከትግራይ ተነስቶ፣ አገዎች የሰፈሩበትን አበርገሌን ዘልቆ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ጉማሬዎቹ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ነበሩ። እሱና ባልደረቦቹ ደጋግመው ተኮሱባቸው። እንስሳቱ ብቅ ብለው አየር ስበው ተመልሰው ይጠልቃሉ። የጊዜው ጠመንጃ ያንን ቆዳና አጥንት ማሸነፍ ተሳነው።

የአበርገሌ ስም ዛሬ በትግራይም በዋግ ኽምራም በኩል አለ። በዚያው በዋግ ኽምራ፣ ብዙዎቻችን በካርታ ላይ ፈልገን ለማግኘት የምንቸገርበት፣ ኽምጣኛ የሚነገርበት ፃግብጂ የሚባል ወረዳ አለ። በፃግብጂና በሰቆጣ ደጋ የሚወርደው ዝናብ መድረሻው ተከዜ ነው። ተከዜ ደግሞ ቁልቁል ወደ ምዕራብ ወርዶ ቆላ ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ሱዳን ገብቶም ከአትባራ ይቀላቀላል። ይህንን ውሃ ተከትለን የምንወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንዙ ቆላ ሲደርስ፣ ጠመንጃ ያቃተውን ሥራ በአንድ ስለት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ።

በቀስት ማደን የሚወዱ አሜሪካውያን ዛሬም የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ለጎሽና ለዝሆን የሚሆነው የፍላጻ ስለት የትኛው ነው? ሰፊ ይሁን ጠባብ? ሁለት አፍ ይኑረው ወይስ ሦስት? ለነሱ ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ነው። እኛ አገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። መልሱም አንድ አልነበረም፤ ሦስት ነበር።

ቋንጃ

የመጀመሪያው መልስ፦ ልቡን ተወው፣ ቋንጃውን ቁረጥ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው አጋታርኪደስ ከቀይ ባሕር ወደ ውስጥ ባለው አገር ስለሚኖሩ ዝሆን አዳኞች ጽፏል። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ነገሩ የደረሰን እነ ዲዮዶሮስና ስትራቦ ከሱ በቀዱት በኩል ነው። አዳኙ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያደባል። ዝሆኑ ከሥሩ ሲያልፍ ይወርድና ጅራቱን ይይዛል፣ እግሮቹን ከግራ ጭኑ ላይ ያስደግፋል። ትከሻው ላይ ያንጠለጠላት መጥረቢያ በአንድ እጅ ለመሰንዘር የምትቀል፣ ግን እጅግ የተሳለች ናት። በሷ የቀኝ እግሩን ቋንጃ ደጋግሞ ይመታል። ወይ ዝሆኑ ይወድቃል፣ ወይ አዳኙ ይሞታል።

ልብ በሉ። ሰውየው ከባድ መጥረቢያ አልመረጠም። ዝሆንን የሚያህል ፍጡር ለመጣል የመረጠው ቀላሏንና ስሏን ነው።

ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ እንዝለል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ በጥር 1772 ጨርቂን ላይ ዝሆን አደን አየ። አዳኞቹን «አጋጊር» ይላቸዋል፤ ስሙም የነገድ ሳይሆን የሙያ እንደሆነ፣ ቋንጃ ከመቁረጥ እንደመጣ ያስረዳል። ሁለት ሰው ራቁቱን በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣል። ከፊት ያለው ፈረሱን ይነዳል። ከኋላ ያለው ሰይፍ ይዟል። የሰይፉ የላይኛው ክፍል፣ ከእጀታው በታች ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በገመድ ተጠምጥሟል፤ ሰውየው በግራ እጁ እጀታውን፣ በቀኝ እጁ ደግሞ የተጠመጠመውን ብረት ይጨብጣል። የቀረው ክፍል እንደ ምላጭ የተሳለ ነው። ሰገባ የለውም።

አሁን ወደ ትዕይንቱ። የፊተኛው ሰው ዝሆኑ አፍንጫ ሥር ደርሶ ይፎክራል። ስሙን ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል። የዝሆኑን አባትና አያት የት የት እንደገደላቸው ለዝሆኑ ይነግረዋል፤ አንተማ ከነሱ ጋር ስትተያይ አህያ ነህ ይለዋል። ዝሆኑ በጩኸቱ ተናዶ ፎካሪውን ሲያባርር፣ ፈረሱ ወዲያና ወዲህ እያለ ያዞረዋል። በዚህ መሐል የኋለኛው ሰው ድምፁን ሳያሰማ ከፈረሱ ይንሸራተታል። ከተረከዙ ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ ይሰነዝራል። ጓደኛው ተመልሶ አፈፍ አድርጎ ፈረሱ ላይ ይጭነዋል። ዝሆን በሦስት እግር መሄድ አይችልም። ያለቀለት ያኔ ነው፤ የቀረውን ጦር ይጨርሰዋል።

ከ90 ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እዚያው ተከዜ ታች፣ ሰቲት ዳር፣ ሐምራን ከሚባሉት ዐረቦች ጋር አድኗል። ሙያው ያው፣ ስሙም ያው «አጋጊር» ነበር። ቤከር ራሱ ከባድ ከባድ ጠመንጃ የታጠቀ ሰው ነው። ሆኖም መጽሐፉ ውስጥ በአድናቆት አፉን የሚያስከፍቱት ሰይፈኞቹ ናቸው። ሮደር ሸሪፍ የሚባለው አንድ እጁ የሰለለ ነበር፤ ግን ዝሆኑን ከፊት ሆኖ የሚስበው እሱ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለውን ፈሪ አንለውም። የምንለው ሌላ ነገር ነው፤ እንመለስበታለን።

ጠባብ ወይስ ሰፊ?

ሁለተኛው መልስ፦ ወደ ውስጥ ዝለቅ።

ጦር ቋንጃ አይቆርጥም። ጦር ሳንባና ልብ ይፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ወፍራም ቆዳ፣ ጡንቻና ሰፋፊ የጎን አጥንት ማለፍ አለበት። ሰፊ ስለት ትልቅ ቁስል ይከፍታል፣ ግን ቶሎ ይቆማል። ጠባቡ ትንሽ ይቀዳል፣ ግን ይዘልቃል።

አሜሪካዊው ቀስተኛ ሃዋርድ ሂል በ1950ዎቹ መባቻ አፍሪካ ውስጥ ዝሆን በቀስት ሲያድን ፊልም የተቀረጸ ሰው ነው። የሱ ሕግ የስለቱ ርዝመት የወርዱን ሦስት እጥፍ ይሁን የሚል ነበር። ከሱ በኋላ ኤድ አሽቢ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ናታል ውስጥ የተለያዩ ፍላጻዎችን በትልልቅ እንስሳት ላይ ሞከረ። የደረሰበት ድምዳሜ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ከሁሉ በፊት ስለቱ አይታጠፍ፣ አይሰበር። ፍላጻው ከባድ ይሁን። ስለቱ ጠበብ፣ ረዘም ያለ፣ ባለ ሁለት አፍ፣ በጣም የተሳለ ይሁን። ሦስትና አራት አፍ ያላቸው ሰፋፊዎቹ አጥንት ሲገጥማቸው ይከሽፋሉ።

አሁን ሙዚየም ገብታችሁ የአገራችንን ጦር ተመልከቱ። ብዙው እንደ ረጅም ቅጠል ነው። ሁለት አፍ አለው። መሐሉ ላይ እንዳይታጠፍ እንደ አከርካሪ ከፍ ያለ መስመር ይሄዳል። ያንን ብረት የቀጠቀጠው ሰው የሙከራ ሰንጠረዥ አልነበረውም። የነበረው ወናፍ፣ መስፍና መዶሻ፣ ከዚያም ተጣሞ የተመለሰ ወይም ጭራሽ ያልተመለሰ ጦር ነው።

ምረንዝ

ሦስተኛው መልስ፦ ስለቱ በር ይክፈት እንጂ ግድያውን ለሌላ ተው።

አጋታርኪደስ ስለ ቀስትም ያወራል። ቀስቱ ከመግዘፉ የተነሳ ሁለት ሰው በእግሩ ወደፊት እየገፋ ይይዘዋል፣ ሦስተኛው ይስበዋል። ፍላጻው የእባብ ሐሞት የተነከረ ነው። ያን ያህል ግዙፍ ቀስት ይዘው እንኳ በብረቱ ብቻ አልተማመኑም።

በኛ ዘመን የዚህ ጥበብ ባለቤት ተብለው የሚታወቁት በቦረናና በኬንያ በኩል ያሉት ዋታዎች ናቸው። ረጃጅም ቀስቶቻቸውን ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። መርዙ የሚቀመመው በአማርኛ ምረንዝ ከምንለው ዛፍ ወገን ነው። ልብን የሚያቆመው ንጥረ ነገር ዛሬ በዓለም ሳይንስ «ዋባይን» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ሶማሌዎች የፍላጻ መርዝን ከሚጠሩበት «ዋባዮ» ከሚለው ቃል ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ነጥሎ አወጣው፤ በትንሽ መጠን ለልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖም አገልግሏል። ለዚህ ዓይነት ፍላጻ ሰፊ ስለት አያስፈልግም። መርዙን ሥጋው ውስጥ አድርሶ እዚያው የሚቀር ትንሽ ብረት ይበቃል።

ብረቱን ማን ሠራው?

ሦስቱንም መልሶች ስናያይዛቸው አንድ ነገር ይታያል። አንዳቸውም የጉልበት መልስ አይደሉም። ሁሉም የዕውቀት መልሶች ናቸው፤ የት እንደሚቆረጥ፣ ብረት ምን ያህል እንደሚጠብ፣ የትኛው ዛፍ እንደሚገድል የማወቅ።

ታዲያ ክብሩ ለማን ሄደ?

አባቶቻችን ለገዳይ ክብር አይሰስቱም ነበር። ዝሆን የገደለ የወርቅ ጉትቻ ያደርጋል። አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይለብሳል። ፉከራውና ቀረርቶው የገዳዩን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ ኋላም የጠመንጃውን ስም ያነሳል። የቀጥቃጩን ስም ግን ፈልጉ። የለም። ቀጥቃጩ «ጠይብ» ነው፣ ማታ ጅብ የሚሆን «ቡዳ» ነው፣ ልጅህን የማትድርለት ሰው ነው። በሰሜኑ ደጋ ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በእምነታቸው ላይ እጃቸውም ሌላ ስድብ ጨመረባቸው። አዳኞቹም ቢሆኑ ሁሉም አልተከበሩም። ጎረቤቶቻቸው ዋታዎችን ዝቅ አድርገው ያዩዋቸው ነበር። ጣና ላይ በታንኳ ጉማሬ ያድኑ የነበሩት ወይጦዎች ሥጋውን በመብላታቸው ተንቀው ኖረዋል። ሶልትን ከነጠመንጃው ያስቸገረውን እንስሳ እነሱ ኑሮዬ ብለው ይዘውት ነበር። ፉከራ ግን አልተፎከረላቸውም።

አንድ ዝርዝር ደግሞ ያበሳጫል። ቤከር እንደሚነግረን የሐምራኖች ምርጥ ሰይፍ ብረቱ የሚመጣው ከጀርመን፣ ከዞሊንገን ከተማ ነበር። ዞሊንገን በስለቱ ኮርቶ የከተማውን ስም ብረቱ ላይ ያትማል፤ እስከ ዛሬም በቢላና በመቀስ ይታወቃል። በኛ በኩል ግን ብረት የሚያውቀው እጅ ስሙን ማተሙ ቀርቶ ስሙን መደበቅ ነበረበት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የአገር ልማድ ሆኖ ስለነበር ነው። ልማዱም በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

ይህ ለአደን ግብዣ አይደለም። ዝሆን ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ቃፍታ ሽራሮ፣ እዚያው ተከዜ ታች፣ ከዚያ ሁሉ መንጋ የተረፉት ዝሆኖች የሚውሉበት ነው። ኢትዮጵያንና ኤርትራን ድንበር ሳይጠይቁ ይሻገራሉ። ላይ በዋግ በኩል ደግሞ ወንዙ በ188 ሜትር ግድብ ተገትቶ ሐይቅ ሆኗል፤ የዋግ ወጣቶች ዓሣ ያሰግሩበታል። መረቡን ያዙ እንጂ ሰይፉን ማንም አያስታውሰውም።

እኛን የሚያሳስበን የሰይፉ መቅረት አይደለም። እኛን የሚያሳስበን የብሩስ ፈረስ ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። አንዱ ስሙን እየጠራ ጮኸ፤ ስሙ ቀረለት። ሌላው ዝም ብሎ ወርዶ ቆረጠ። ሰይፉን የሠራውማ ፈረሱ ላይም አልነበረም። ታሪክ ስናጠና የምንሰማው ሁልጊዜ ከፊት ያለውን ድምፅ ነው። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ሽማግሌ ተነስቶ ሲፎክር እናጨብጭብ፤ ሲያርፍ ግን ጠጋ ብለን እንጠይቀው፦ ጋሼ፣ የአያትዎን ጦር የሠራው ማን ነበር?