የሀዋሳው አጭር በረራ እና የሞተር ዕድሜ

ከቦሌ ተነስቶ ሀዋሳ የሚያርፈው ኪው-400 አውሮፕላን አየር ላይ አንድ ሰዓት አይሞላውም፤ ከዋሽንግተን የሚመጣው ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ ይጓዛል። የትኛው ሞተር ይበልጥ ያረጃል ቢባል ብዙ ሰው ረጅሙን መንገድ የሚያቋርጠውን ይጠራል። የብረት ዝለት ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በሞተሩ መሐል ብሌዶቹን ይዘው የሚሽከረከሩት ዲስኮች የሚያረጁት በበረራው ርዝመት አይደለም፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ ግሎ፣ ተመልሶ እስኪበርድ ባለው አንድ ዙር ነው። ባለሙያዎቹ ሳይክል ይሉታል። በዚህ ሒሳብ የሀዋሳውም የዋሽንግተኑም በረራ አንድ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ቆጠራው ይበልጥ መጥበቅ ያለበት በአጭሩ መስመር ላይ ነው።

ይህ እውቀት ብዙ ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር አክስሉ ተሰብሮ ብዙ ሰው ሲያልቅ፣ ጤነኛ የሚመስል ብረት ከአቅሙ በታች በሆነ ጭነት ለምን እንደሚሰበር የዘመኑ መሐንዲሶች አጥጋቢ መልስ አልነበራቸውም። ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ ኦገስት ቮለር በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት አክስሎችን ደጋግሞ እየጫነ ፈተነ፤ የጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የድግግሞሹም ብዛት እንደሚወስን በቁጥር አሳየ። ጎትቶ ሊበጥሰው ያቃተውን ሽቦ ሰው እያጠፈ እየዘረጋ እንደሚበጥሰው ማለት ነው። አቪዬሽን ግን ትምህርቱን እንደገና በሞት ተማረው። በጥር 1946 ዓ.ም. ኤልባ ደሴት አጠገብ 35 ሰዎችን ይዞ የወደቀው የእንግሊዝ ኮሜት ጄት በዓመት ሲቆጠር ገና አዲስ ነበር፤ የበረረውም 1,290 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። የተሰነጠቀው ሞተሩ ሳይሆን በየበረራው አየር ሲሞላበትና ሲለቀቅለት የነበረው አካሉ ነው። ቢሆንም በዕድሜ ወጣት የሆነ ማሽን በሳይክል አርጅቶ ሊገኝ እንደሚችል ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠራጠረም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. በቦይንግ 720ቢ ወደ ጄት ዘመን ሲገባ ይህ ትምህርት ተቀስሞ ነበር። እኛ ግን የምናስታውሰውና የምንኮራበት ረጅሙን በረራ ነው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 በሁለት ሞተር ብቻ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ መጣ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር። ኩራቱ ይገባል። ለዲስኮቹ ግን ያ ሁሉ መንገድ አንድ ሳይክል ነበር። አሁን በአገር ውስጥ መስመር በቀን ስምንት ጊዜ የሚነሳ አውሮፕላን አለ እንበል፤ በዓመት 2,900 ሳይክል ያልፋል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚበር የረጅም መንገድ አውሮፕላን 730 ላይ ነው። ዲስኩ ከአገልግሎት የሚወጣበት የሳይክል ጣሪያ 18,000 ቢሆን የመጀመሪያው በስድስት ዓመት ገደማ ይደርስበታል፤ ሁለተኛው ወደ 25 ዓመት ይፈጅበታል።

እርግጥ ሞተር ዲስክ ብቻ አይደለም። የተርባይን ብሌዶች ብረታቸውን ሊያቀልጥ በሚችል ጋዝ ውስጥ፣ በውስጣቸው በሚያልፍ ማቀዝቀዣ አየር እየተጠበቁ ይሠራሉ፤ በሙቀትና በሽክርክሪት ጉተታ ቀስ በቀስ ይለጠጣሉ። እነሱን የሚጎዳው ሰዓቱ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ በረራም ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን ሙቀቱ የሚከፋው በመነሳት ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ወይ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፣ ወይ ጭነቱ ይቀነሳል። ደጋግሞ የሚነሳው ደግሞ ያው የአጭሩ መስመር አውሮፕላን ነው።

ዲስክን በሳይክል ቆጥሮ በመጣል ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በተለመደው ስሌት ጣሪያው የሚቀመጠው ከሺህ ዲስኮች በአንዱ ላይ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስንጥቅ ይፈጠራል ተብሎ በሚገመትበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከሺህ 999ኙ ጤነኛ ሆነው ይጣላሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው አገር ይህ ያማል። የአሜሪካ አየር ኃይልም ይህ አሳስቦት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኤፍ-100 ሞተሮችን ዲስክ እየፈተሸ፣ ስንጥቅ ያልተገኘበትን መልሶ መጠቀም ጀመረ። መንገዱ ብልህ ነው፤ ግን ሙሉ ሸክሙን በመርማሪው ዓይን ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 በአሜሪካ ሱ ሲቲ የወደቀው ዲሲ-10 የዚህን አደጋ ያሳያል። ጣሪያው 18,000 የነበረው የፋን ዲስክ በ15,503 ሳይክል ተሰበረ፤ 112 ሰዎች ሞቱ። መነሻው ቲታኒየሙ ሲቀልጥ የገባ ጉድለት ነው፤ ከአደጋው 760 ሳይክል በፊት በተደረገው ፍተሻም ስንጥቁ ሊታይ ይችል እንደነበር መርማሪዎቹ ደምድመዋል። ቆጠራው ጉድለቱን አላወቀም፤ ዓይንም አላየውም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱም የሚቆሙት ደግሞ በመዝገብ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሐሰተኛ ሰነድ የተያያዘባቸው የሲኤፍኤም56 ሞተር ዕቃዎች ሲገኙ አየር መንገዶች በየአገሩ ሞተር ፈትተው የፈለጓቸው የየዕቃው ያለፈ ታሪክ ስላልታመነ ነው።

የባሕር ዳሩን አደጋ የሚያነሳም ይኖራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች መታው፤ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። ምንም ዓይነት የሳይክል ቆጠራ ይህን አያስቀርም፤ ወፍን የሚከላከለው የአውሮፕላን ማረፊያው ጥበቃ ነው። ይሁንና ሞተር ያላቆመ ምትም አለ። ወፍ ወይም ጠጠር የብሌዱን ጫፍ ትንሽ ቢያጎድፈው ጭነቱ በዚያች ጎዶሎ ላይ ይከማቻል፤ የዝለት ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳ በሚሰበሰብባት ሀዋሳ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ቴክኒሻኑ የሞተሩን ውስጥ የሚያሳየውን ቦሮስኮፕ አስገብቶ የጎዶሎዋን ጥልቀት ይለካል፤ በአምራቹ መመሪያ ከተፈቀደው ካለፈ፣ ብሌዱ ስንት ሳይክል ቢቀረው እንኳ ይወጣል።