ከ12ኛ ክፍል በፊት 2ኛ ክፍል ነበረ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የተነገረ ሰሞን አገሩ ሁሉ የትምህርት ባለሙያ ሆኖ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ከፊሉ ኩረጃ ሲቀር ገመናችን ተገለጠ አለ፣ ከፊሉ መምህሩን ረገመ፣ ከፊሉ ደግሞ ስልኩን። እስቲ እኛ አንድ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። ከእነዚያ ተፈታኞች አንዱ ክፍል ሳይደግም የመጣ ከሆነ፣ 1ኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ወደ 13 ሺህ የሚሆኑ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ3ኛ ክፍል 20 በመቶዎቹ እንዲሁ። እነዚህ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች አይደሉም፤ ደብተር ይዘው፣ በሰልፍ ቆመው፣ ባንዲራ እየሰቀሉ ሁለትና ሦስት ዓመት የተመላለሱ ናቸው። እንግዲህ የ2014ቱ ተፈታኝ 1ኛ ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው ክፍል ምን እንደሚመስል የሚናገር ወረቀት ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ያ ወረቀት 2ኛ ክፍል የምታስተምረው መምህርት እጅ ደረሰ ወይ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠይቃል።

በድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እያለ እስከ ዳዊት ይሄዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የልደት ቀኑ ወይም የመስከረም መጥባት አልነበረም። የኔታ ፊት ቀርቦ ያነባል፣ ካልሆነለት እዚያው ይመለሳል። የቀደመው ልጅ ደግሞ የተከተለውን ያስቀጽላል፤ የኔታ አንድ ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነውና። ይህን ስል የድሮውን ለማወደስ እንዳይመስልባችሁ። አለንጋው ነበር፣ የሚነበበው ግዕዝ ለልጁ ትርጉም አልነበረውም፣ ሴት ልጅም እምብዛም አትገባም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ የትኛው ልጅ የቱ ላይ እንደቆመ የማያውቅ የኔታ አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጣው ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። ክፍል በዓመት ይቆጠራል፣ ልጆች በአንድነት ገብተው በአንድነት ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ በመጡት አሥርት ዓመታት ትምህርት ቤቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለነበር ፈተናው በር ጠባቂ ሆነ። በ6ኛ ክፍል አንድ በር፣ በ8ኛ ክፍል ሌላ በር፣ በ12ኛ ክፍል ትልቁ በር። የ8ኛውን ፈተና እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» እያልን የምንጠራው በከንቱ አይደለም፤ ጥያቄው የሚወጣውም ፍርዱ የሚሰጠውም ከሚኒስቴሩ ስለነበር ነው። መምህሩ በዚህ ውስጥ ልጁን አሰናድቶ የሚልክ እንጂ ከፈተናው የሚማር ሰው አልነበረም። በአእምሯችን የቀረው የፈተና ትርጉምም ይኸው ነው፤ ማለፍ ወይም መውደቅ።

በመሀል የ1964ቱ የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ ብዙዎች «ሴክተር ሪቪው» የሚሉት፣ አለ። ሐሳቡ በባለሙያ ዓይን ሲታይ ሙሉ በሙሉ ክፉ አልነበረም፤ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርትን ለሰፊው ሕዝብ ማዳረስ ይል ነበር። ግን መምህራኑን ሳይዝ የተሰናዳ ነበርና የካቲት 1966 ላይ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጎን እሱን መቃወም አንዱ ሆነ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥቱ ራሱ አልቆየም። ደርግ ትምህርት ቤቱን አበዛ፣ ፈተናዎቹን ግን እንዳሉ ተቀበለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ሆነ፣ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተወሰነ፣ የ6ኛ ክፍል ፈተናም ቀረ። በበሩ ጠባቂ ፈንታ የገባው «ተከታታይ ምዘና» የተባለው ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በነጻ ዝውውር ይታለፍ ተባለ፤ ምክንያቱም መምህሩ በየሳምንቱ እየመዘነ የዘገየውን ልጅ እዚያው ይደግፈዋል የሚል እምነት ነበር። በወረቀት ላይ ይህ ወደ የኔታ መመለስ ነው ማለት ይቻላል። ደካማውን ልጅ ከመጣል መደገፍ ይሻላል የሚለውን ዛሬም እቀበለዋለሁ።

የሆነው ግን ዝውውሩ ሲመጣ ድጋፉ አለመምጣቱ ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ1987 ገደማ 3 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ2002 ከ15 ሚሊዮን አለፈ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ተባለ፤ ያ መምህር በብዙ ቦታ 10ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ ወጣት ነው። አሁን ይህን ወጣት 60 ልጅ ፊት አቁሙት። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ ላስነብብ ቢል አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ምን አደረገ? ቀላሉን። ከ10 የሚታረም አጭር ፈተና፣ እንደገና ከ10፣ ከዚያ ከ20፣ ከዚያ ማርክ ሊስት፣ ከዚያ ሮስተር። ተከታታይ ምዘና ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀረ። ቁጥሩ ተሰበሰበ፣ ተደመረ፣ ደረጃ ወጣለት። «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት ያቃተው ልጅ 43ኛ ወጣ ተብሎ ለወላጁ ተነገረ፤ የተቸገረው በምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም።

የሚኒስቴሩ የራሱ መለኪያም ዝም አላለም። ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ በሚካሄደው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት መጀመሪያ 48 በመቶ ግድም ነበር፣ በሦስተኛው ዙር፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ወደ 41 በመቶ ግድም ወረደ። ይህም ለበላይ አካል የተጻፈ ሪፖርት ነበር።

መምህራን ተባብረው ይሥሩ የሚለውስ? እሱም ተሞክሯል፤ ያውም ደጋግሞ። ትምህርት ቤቶች በ«ጉድኝት» ተሰባስበው በማዕከሉ እንዲገናኙ ተደረገ። በ2001 እና 2002 አካባቢ በወጣው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል፣ አዲስ ገቢው ነባር መምህር እንዲመደብለት ተባለ። ሐሳቡን ለሚያነብ ሰው ግሩም ነው፤ መምህራን የክፍላቸውን ችግር ራሳቸው ለይተው፣ አብረው ዘዴ ሞክረው፣ ውጤቱን አብረው እንዲያዩ ነበር። መሬት ላይ ሲደርስ ፖርትፎሊዮ የሚባል ክላሰር ሆነ። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ክላሰሩ ይታያል፣ ክላሰሩ ካለ ሰዓቱ ሞልቷል። መምህር የሆነ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት፤ የአንዱ ክላሰር ስንት ቦታ እንደተገለበጠ ይነግራችኋል።

ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። ተማሪውም መምህሩም በአምስት በአምስት ተደራጀ፣ ስሙም የትምህርት ልማት ሠራዊት ተባለ። አምስት መምህራን በየሳምንቱ ተቀምጠው ስለ ተማሪዎቻቸው ቢነጋገሩ ማን ይጠላል? ግን መዋቅሩ በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በገበሬ ማኅበር ከተዘረጋው የፖለቲካ መዋቅር ጋር አንድ ዓይነት ነበር፣ መምህሩም ይህን ያውቃል። በሥራ ባልደረባው ፊት «የእኔ ክፍል ልጆች መቀነስ አልገባቸውም፣ እንዴት እንደማስረዳቸው ጠፋኝ» ብሎ መናገር ለግምገማ ራስን ማጋለጥ ሆነ። ቃሉ ራሱ ተበላሽቷል እኮ። በእኛ አገር «ግምገማ» ሲባል መምህሩ የሚያስበው ስለ ልጆቹ አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው ሁሌም ጥሩ ነበር። ፖለቲካው በ2010 ሲለወጥ አንድ ለአምስትም ማንም ሳያለቅስለት ጠፋ፤ አብሮት ግን መምህራን የሚገናኙበት ሰዓትም ጠፋ። በእኔ እምነት ትልቁ ኪሳራ ይህኛው ነው።

በሌላ አገር እንዲህ ያለው ነገር ተሳክቶ ያውቃል ወይ ለሚል፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ሶብራል የምትባል ከተማ አለች። ድርቅ የሚያጠቃት፣ ሀብታም ያልሆነች ከተማ ናት፤ ስሟ ቀድሞ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1919 የአንስታይንን ሐሳብ የፈተነው የፀሐይ ግርዶሽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ በመሆኗ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አካባቢ ትንንሽ ልጆቿን አንድ በአንድ ስታስነብብ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ከተማዋ ያን ጊዜ የወሰደችው እርምጃ ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱ ልጅ በየጊዜው እንዲያነብ ማድረግ፣ ውጤቱን በስም ለመምህሩ መመለስ፣ መምህራኑን በዚያ ውጤት ዙሪያ በቋሚነት አሰባስቦ የሚቀጥለውን ትምህርት ማሰናዳት፣ ርእሰ መምህርን በዝምድና ሳይሆን በችሎታ መሾም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአገሪቱ የትምህርት ጥራት መለኪያ የአንደኛ ደረጃውን ሠንጠረዥ የመራችው ሶብራል ናት። ዐሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቷል፤ በአንድ ዘመቻ አልሆነም።

ለእኛ ደግሞ የ60 ልጅ ክፍል ሂሳብ እንደተፈራው አይደለም። በቀን አምስት ልጅ ብቻ ማስነበብ ቢቻል በ12 የትምህርት ቀን ክፍሉ በሙሉ ይዳረሳል። በአንድ ትምህርት ቤት ሦስት የ2ኛ ክፍል ምድቦች ካሉ ሦስቱ መምህራን አንድ ዓይነት ገጽ ይዘው፣ በወር ሁለቴ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዝርዝሩን ዘርግተው፣ ፊደል ያልለዩትን ለአንዱ፣ ቃል ያልያያዘላቸውን ለሌላው መድበው በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይችላሉ። ለዚህ ታብሌት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያ ዝርዝር ከሦስቱ እጅ ወጥቶ የመምህር ውጤት መሙያ ቅጽ ላይ እንደማይገባ ርእሰ መምህሩ ቃሉን መስጠቱ ነው።

አሁን የትምህርት መዋቅሩ እንደገና ተቀይሯል። አንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ የ6ኛ ክፍል ፈተናም ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሷል። ጥያቄው በክልል ይወጣል፣ በክልል ይታረማል፣ ውጤቱ ይለጠፋል። 6ኛ ክፍልን ያስተማረችው መምህርት ስንት ልጅ እንዳለፈ በሰኔ መጨረሻ ትሰማለች። ስንቶቹ ክፍልፋይ ላይ፣ ስንቶቹ ምንባቡ ላይ እንደወደቁ ግን የሚነግራት የለም፤ ልጆቹም በመስከረም ሌላ ሕንጻ ውስጥ ናቸው።