የድሬዳዋ ውሃና የኖራው ተራራ

ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት ሲባል ሁሉም ይስማማል፤ ነገር ግን ከባቡሩ አስቀድሞ ተራራው፣ ከተራራውም ሥር ተሰውሮ የሚሄደው ውሃ ስለ ነበረ፣ የከተማይቱን ታሪክ ከሐዲዱ ብቻ የሚጀምር ጸሓፊ ግማሹን ትቶ ግማሹን እንደ ጻፈ ይቈጠራል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በፈቀዱት ውል መሠረት፣ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መሠራት የጀመረው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ምድረ በዳ አቋርጦ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ጥንታዊቱ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ ብዙ ወጪና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ባቡሩ ከታች ቀረ። በዚያም ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ሜዳ ላይ፣ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ የተሰየመችው ከተማ ተቈረቈረች። ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያ ገንዘብ ስላጣ ሐዲዱ ለዓመታት ከዚያ አላለፈም፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መዘግየት ድሬዳዋ የመንገደኛ ማረፊያ ከመሆን አልፋ ባለ ጋራዥ፣ ባለ መጋዘንና ባለ ገበያ ከተማ ሆነች፤ የሕዝቧም ቍጥር ሲበዛ የሚጠጣው ነገር አሳሳቢ ሆነ።

ከዚራና መጋላ የተባሉትን ሰፈሮች ለያይቶ የሚወርደው የደቻቱ ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ በደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ ግን፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ነፍስ ባጠፋው ጎርፍ እንደ ታየው፣ በአንዲት ሌሊት የሚያስፈራ ወንዝ ይሆናል። እንዲህ ያለው ወንዝ የከተማ ጥም አይቈርጥም። ስለዚህ ድሬዳዋ ከተቈረቈረች ጀምሮ ኑሮዋ በአዕማቀ ምድር ባለው ውሃ ላይ ነው፤ በኋላም ሳቢያን በተባለው ሰፈር የተቈፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የከተማይቱ ዋና ነቅዐ ማይ ሆኑ።

ይህም ውሃ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ማየ ዝናም ከአየርና ከአፈር ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ መጠነኛ አሲድነት ያገኝና፣ በጥንተ ዘመን ከባሕር በታች በተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ሲወርድ፣ ድንጋዩን በዝግታ እያሟሟ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ ቆላ ይደርሳል። ጠጣር ውሃ የሚባለው ይህ ነው፤ ለዓይን ጥሩ፣ ለምላስም የማይከፋ ነው፤ በእሳት ላይ ሲጣድ ግን የተሸከመውን ይጥላል። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ሻዩ ላይ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል፤ ሽንብራና ባቄላ ለመብሰል ያስቸግራል፤ ልብስ አጣቢዋም ሳሙናዋ አረፋ ከማንሣቱ በፊት ግማሹ አልቆ ታገኘዋለች፤ በሳፋው ላይ የሚቀረውም ዝቃጭ ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ነው። የከተማ ቧንቧም ከውስጥ እየጠበበ ይሄዳል።

በእንፋሎት ለሚሄድ ባቡር ጉዳዩ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በቦይለር ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊት ሙቀቱን ከውሃው ስለሚጋርደው ነዳጅ ይባክናል፤ ብረቱም ከልክ በላይ እየጋለ ይጎዳል። ስለዚህም የውሃ ጠባይ በየአገሩ የምድር ባቡር መሐንዲሶች ዋና ጭንቀት ነበረ፤ በእኛም መስመር ላይ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የእንፋሎቱን ቦታ ሲወስድ ይህ ሸክም አብሮ ቀለለ። ያው የኖራ ድንጋይ ግን ለከተማይቱ በረከትም ሆኗል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የሲሚንቶ ፋብሪካ እንጀራው ይኸው ድንጋይ ነውና።

 

ሕዝቡ በማንቆርቆሪያው ቅርፊት ምክንያት ለኩላሊቱ ይሰጋል። የኢትዮጵያ ደረጃ የውሃው ጥጥርነት በሊትር ከ300 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይወስናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ጥጥርነትን በጤና ጠንቅነት ወሰን አላበጀለትም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለሰውነት የሚያስፈልጉ ናቸውና። የሚታየው ነጭ ነገር ያደክማል እንጂ አይገድልም።

የሚያሰጋው የማይታየው ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ዝናሙን በፍጥነት እንደሚያሳልፍ ሁሉ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽንም እንደዚያው ያሳልፋል፤ ከተማይቱም ወደ ሳቢያን በሰፋች ቍጥር፣ ቤቱና የሚጠጣው ውሃ በአንድ ምድር ላይና ታች ሆኑ። ከእንዲህ ያለው ፍሳሽ የሚመጣው፣ በብዙ የድሬዳዋ ጉድጓዶችም የተገኘው ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው፣ በሊትር ከ50 ሚሊግራም፣ በላይ ነው። ናይትሬት ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ቅርፊትም አይተውም። በተለይ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደሙ እንደሚገባ ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ኖራውን የሚያስወግደው ማፍላት ናይትሬቱን አለማስወገዱ ነው፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይበረታል። እናት ለልጇ ስትል ደግማ ደጋግማ ያፈላችው ውሃ የበለጠ ሊጎዳው ይችላል።

ሐረር ደግሞ የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀባት ወዲህ በዚሁ ቆላ የተቈፈረውን ውሃ በሞተር ኃይል ሽቅብ አስወጥታ ትጠጣለች፤ ከደጋ የወረደው ዝናም ተመልሶ ወደ ደጋ ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ ምድር ውሃ የሁለት ከተማ ሕይወት ሆኗል። ስለዚህ የከተማይቱ ሹማምንት ለቧንቧው መጥበብ ከሚያስቡት ይልቅ ለፍሳሽ ማስወገጃው አብልጠው ያስቡ፤ በጉድጓዶቹም ዙሪያ አዲስ መጸዳጃ እንዳይቈፈር ይከልክሉ፤ የናይትሬቱን ምርመራ ውጤት እናቶች በሚያነቡትና በሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ በየጊዜው ያሳውቁ።